ሰርተፍኬት እሳት አያጠፋም

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ገበያ፣ ለወጣቱ ሥራ እንዲያመጣ የታሰበ ነው። ዘይት ለማጣራትም ሆነ ምግብ ለማቀነባበር እንፋሎት ያስፈልጋል፤ እንፋሎት ካለ ቦይለር አለ። ከቦይለሩ ጋር ግን አንድ ክፉ ልማድ አብሮ ይገባል፦ «ሰርተፍኬት አለው፤ ሴፍቲ ቫልቭም አለው» ብሎ መተኛት።

ሴፍቲ ቫልቭ የሚከፈተው ግፊት ሲበዛ ነው፤ ውኃ መጉደሉን አያውቅም። በ10 ባር የሚሠራ ቦይለር ውኃው 184 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከብረቱ ማዶ ያለው ነበልባል ግን ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል። ብረቱን የሚያቀዘቅዘው ውኃው ብቻ ነው። ውኃው ሲወርድ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ሳይጨምር እንኳ ይቀደዳል። ያን ጊዜ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅ አደጋውን ያባብሰዋል።

ይህን ለመከላከል የተሠራው መቆጣጠሪያ፣ ተንሳፋፊም ሆነ ኤሌክትሮድ፣ ውኃ ሲጎድል በርነሩን ያጠፋል። የተንሳፋፊው ክፍል በዝቃጭ ሲሞላ ግን ተንሳፋፊው እንደተሰቀለ ይቀርና ውኃ ሳይኖር ውኃ አለ ይላል። እሳት እየደጋገመ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ «አስቸገረ» ተብሎ በሽቦ ይታለፋል፤ «ዳይሬክት» ይደረጋል። የቀዘቀዘና የታጠበ ቦይለር አይቶ የሚፈርም ኢንስፔክተር ይህን በምን ያውቃል?

በእንጨት ወይም በቅርፊት የሚነድ ቦይለር ሲሆን ነገሩ ይከፋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፍሙ ግን ማቃጠሉን ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ያለ ኤሌክትሪክ ውኃ የሚያስገባ መጠባበቂያ ሳይኖር እንዲህ ያለውን ቦይለር ማንደድ ሊፈቀድ አይገባም።

አሜሪካዊቷ ማሳቹሴትስ የቦይለር ሕግ ያወጣችው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በብሮክተን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ካለቁ በኋላ። እኛ ሬሳ መቁጠር አያስፈልገንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የጎደለው ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ ከወረቀቱ በፊት ፈተናውን ይጠይቅ፤ ቦይለሩ እየነደደ፣ ብቁ ኦፕሬተር የውኃ መስታወቱን እየተከታተለ፣ ውኃው በዝግታ ይቀነስ፤ እሳቱ በራሱ ሲጠፋ በዓይን ይታይ፤ ቀኑና ውጤቱ መዝገብ ላይ ይስፈር። መቆጣጠሪያዎቹም ለየብቻቸው የሚሠሩ ሁለት ይሁኑ፤ ሁለተኛው እሳቱን ካጠፋ ሰው መጥቶ ምክንያቱን ሳያይ እንደገና አይነሳ።

እናንተ ኦፕሬተሮች ደግሞ «ዳይሬክት አድርገው» ስትባሉ እምቢ በሉ። ማን እንዳዘዛችሁም መዝገቡ ላይ ጻፉ።