ስልኬ ያላስታወሰኝ ቀጠሮ
ባለፈው ወር ልደቴ ነበር። ከቤተሰቤ ሁሉ ቀድሞ «እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ» ያለኝ ባንኬ ነው። የኢንተርኔት ጥቅሌ ሊያልቅ ሲልም መልእክት ይደርሰኛል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ አንዴ የተዘጋጀ መልእክት ቀኑን ጠብቆ በራሱ ለሺዎች ይሄዳል።

የማህፀን በር ካንሰር ምርመራን ግን ያስታወሰኝ የለም። በአገራችን ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠነች ነርስ የማህፀን በሩን ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ ታያለች፤ ውጤቱን ወዲያው ትናገራለች። ወደ ካንሰር ሳይለወጥ የተደረሰበት ችግር ይታከማል።

አክስቴ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። «ከበዓል በኋላ» እያለች ሦስት ዓመት አለፈ። ሐኪም ዘንድ የሄደችው ደም ካየች በኋላ ነው፤ አሁን በከባድ ሕክምና ላይ ናት።

ካርድ ክፍል ስልካችንንና ዕድሜያችንን ይመዘግባል። የምርመራ ጊዜያችን ሲደርስ መልእክት ቢልክልንስ? ስልክ በቤተሰብ እጅ ስለሚዞር «ካንሰር» ባይል ይሻላል፤ «የጤና ቀጠሮዎ ደርሷል» ብሎ ቦታና ሰዓት ይንገር። መልእክቱ ደርሷት ያልመጣችውን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ሄዳ ትጠይቃት።

እስከዚያው እኔና እህቴ ስልካችን ላይ ማስታወሻ ሞልተናል፦ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት። አንዳችን ብናመነታ ሌላዋ ትደውላለች። እርስዎንስ ማን ያስታውስዎታል?