በሬው ከመሸጡ በፊት

ዝናብ ሲቀር በገጠር ገበያ የሚሆነውን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እህል ይወደዳል፣ ከብት ይረክሳል። ሁሉም በአንድ ሰሞን በሬውን እየነዳ ስለሚወጣ ዋጋ ቆራጩ ነጋዴው ነው። ከወራት በኋላ የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና ይደርሳል። ስንዴው ነፍስ ያተርፋል፣ ይህን የሚክድ የለም። በሬው ግን አይመለስም። ክረምት ሲገባ ያ ገበሬ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፣ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል፣ በዓመቱ ስሙ እንደገና ተረጂዎች መዝገብ ላይ ይገኛል።

እኔ የምለው፣ የመንግሥት ድጋፍ በሬው ሳይሸጥ፣ በብር ይድረስ ነው።

«ሴፍቲኔት አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ በየዓመቱ አስቸኳይ እርዳታ ከመለመን መውጣት ነበር። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ይከፈለዋል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይደገፋል። ብዙ ቤተሰብ ታድጓል። ግን በዋናነት የተቀረጸው በተመረጡ ወረዳዎች በየዓመቱ ለሚቸገረው ነው። አምና ደህና የነበረውን፣ ዘንድሮ ግን በረዶ ወይም አንበጣ የመታውን ገበሬ እዚያ መዝገብ ላይ ፈልጉት እስቲ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ወሎንና ራያን የወረረው የበረሃ አንበጣ ትዝ ይላችኋል? ቪዲዮውን ስንቶቻችን ሼር አድርገናል። የደረሰው ሰብሉ ሊታጨድ ሲል ነበር። (የመሬት ግብር መክፈያው ግን ቀኑን ስቶ አያውቅም።)

ቀድሞ መክፈል ይቻላል ወይ? ቦረና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተሞክሯል። አርብቶ አደሩ ለከብቱ መድን ይገዛል። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ከላይ ይለካል፣ ልኬቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ክፍያ ይለቀቃል። በየበረቱ ዞሮ የሞተ ከብት የሚቆጥር ኮሚቴ የለም። መጀመሪያ ክፍያው ለሞተው ማካካሻ ነበር፤ በኋላ ከብቱ ሳይሞት መኖና ውሃ እንዲገዛበት ቀደም እንዲል ተደረገ። እንከን አለው። ሳተላይቱ ከብት የማይበላውን ቁጥቋጦም ልምላሜ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከብቱ እየከሳ ብሩ ሲቀር ሰው ይናደዳል፣ እውነቱንም ነው። ያም ሆኖ ለአራሹም መንግሥት አረቦኑን እየሸፈነ ሊያሰፋው የሚገባ አሠራር ይመስለኛል።

ማድረሻው አያስቸግርም እያልኩ አይደለም። ቴሌብር በተራ ስልክም ይሠራል፤ ግን ሲም ካርዱ በባል ስም የወጣ ከሆነ ሚስት ምን ታደርግ? ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣስ? መንገድ በተዘጋበት፣ ገበያው ራሱ ባዶ በሆነበት ቦታ ደግሞ ብር አይበላም። እዚያ ስንዴው ይግባ።

እስከዚያው ግን ቀድሞ የሚደርሰው የአደጋ ክፍያ የእናንተ ነው። «ዘንድሮ ዝናቡ አልያዘልንም» የሚል ስልክ ሲደወል፣ አዲስ አበባም ሁኑ ጅዳ፣ ከደሞዛችሁ ቆርሳችሁ ትልካላችሁ። እኔም እልካለሁ። የአባታችን በሬ የሚተርፈው በዚያ ነው። ከተማ የሚሠራ ልጅ የሌለው ጎረቤትስ? እሱ በሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ ዘግይቶ ቢሆንም ወጪው መውጣቱ አይቀርማ። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሳሳ። 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የተባለው ታኅሣሥ 2008 ላይ ነው። ከዚያ ስንዴ ከባሕር ማዶ ሲገዛ፣ መርከቦች ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቁ ወራት ሄዱ። የበልግ መቅረት ግን ሚያዝያ ላይ ይታወቃል። ለበልግ አብቃይ ወረዳዎች የሚያዝያው ክፍያ ከወዲሁ በጀት ይያዝለት፣ የስም ዝርዝሩም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።