የሐይቅ በር



ዐቢይ ጾም ተገባድዶ የቅቤው ሽታ ከየጓዳው ብቅ ማለት ሲጀምር በመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየዓመቱ የሚለጠፍ አንድ ዓይነት በራሪ ወረቀት አለ። ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ የተጋደመች ወጣት፤ ከሥሩም «የጸደይን ቅዳሜና እሑድ በባሕር ዳርቻ ያሳልፉ» የሚል ግብዣ። ባሕር በሌለው አገር የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ሲሸጥ የሳቀ ሰው አላየሁም። እኔም ለዓመታት ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ሰሞኑን ግን በግጥም ፍቅር ከተወዳጀኋቸው ሰዎች ጋር ቡና ስንጠጣ አንደኛው ይህንን ልማድ የሥልጣኔያችን ምልክት አድርጎ ሲያወድስ ሰማሁት። «እንደ ሠለጠነው ዓለም ማረፍ ጀመርን» አለ። በዚያ ቀን ሰዓት ደርሶብኝ ያልጨረስኩትን ክርክር እነሆ እዚህ ልጨርሰው ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን ጸደይ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የምናየው አደይ አበባና መስከረምን ነው። በአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም ማብቂያ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ደግሞ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። እንግዲህ በራሪ ወረቀቱ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል፤ ፋሲካ የጸደይ በዓል ነው። (ማንም አጥር ያላጠረበት የቀረን ባሕር ባሕረ ሐሳብ ብቻ ነው ብዬ ጓደኞቼን አስቄያቸዋለሁ።) ወረቀቱ የማይናገረው፣ ጸደያችን የበልግ ዝናብ የሚወርድበት ወቅት መሆኑን ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ያ ነጭ ጃንጥላ ከነእግሩ ሲገለበጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የለም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የዚህን የጸደይ ዕረፍት ታሪክ ወደ ኋላ ስከተለው ከገዛ ሙያዬ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቴ አስገርሞኛል። እ.ኤ.አ. በ1871 የእንግሊዝ ፓርላማ የባንክ በዓላት ሕግ የተባለውን አወጣ። ረቂቁን ይዞ የቀረበው ጆን ሉቦክ የምክር ቤት አባል ብቻ ሳይሆን ባለባንክም ነበር። ሕጉ በእንግሊዝ ለአራት ቀናት ባንኮች እንዲዘጉ አዘዘ፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ ማለትም የፋሲካ ማግስት ሰኞና የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ በጸደይ የሚውሉ ነበሩ። አሠራሩ ለእኔ ቢጤ ግልጽ ነው። በዚያ ቀን መከፈል የነበረበት ሰነድ በማግስቱ ይከፈላል፤ ገንዘቡ አንድ ቀን ቢያድር ማንም አይከሰርም። ባንክ ሲዘጋ ደግሞ ሌላውም ቀስ በቀስ መዝጋት ጀመረ። የለንደን ባቡር ብራይተን የገባው በ1841 ነበርና መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል። የጽሕፈት ሠራተኛው፣ የሱቅ አሻሻጩ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጠዋት ተሳፍረው ባሕሩ ዘንድ ይደርሱ፣ ማታ ይመለሱ ጀመር። ሕዝቡም በምስጋና ቀኑን በቅዱስ ስም «ቅዱስ ሉቦክ» እያለ ጠራው።

ያቺ ብራይተን ከዚያ በፊት የንጉሥ መዝናኛ ነበረች። ጆርጅ አራተኛ ያሠራው ጉልላታም ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን የሕዝቡን መብዛት አልወደደችውም፤ በ1850 ሕንፃው ለከተማው ተሸጠ። ልብ በሉ፤ ንግሥቲቱ ሄደች እንጂ ሕዝቡ ከዳርቻው አልተባረረም። ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በሜይ ወር የሚካሄደው የብራይተን ፌስቲቫልም ትኬት የሚቆረጥላቸው ብዙ ትርኢቶች አሉት፤ ጠጠር የተነጠፈበት ዳርቻ ግን በር የለውም። ወዳጄ «የሠለጠነው ዓለም» ሲል የትኛውን ዓለም ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ሳምንታዊ ዕረፍቱም ከ24 ያልተቋረጡ ሰዓታት እንዳያንስ ያዛል። እኔ ቅዳሜን በመስኮቴ ኋላ የሌላውን ሰው ብር ስቆጥር እውላለሁ። በራሪ ወረቀቱ «ቅዳሜና እሑድ» ሲል ግማሹን የእኔ እንዳልሆነ አድርጌ ነው የማነበው። ግማሹ ግን የእኔ ነው፤ በዚያ በግማሹ አንድ ነገር ሆነ።

እናቴ ተወልደው ያደጉት በያኔዋ ደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላውን መንገድ ከእግራቸው ሕመም የተነሣ ለብዙ ዓመታት አልተጓዙባትም ነበር። ባለፈው ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ይዤአቸው ሄድኩ። ልጅ ሳሉ ከእኅቶቻቸው ጋር ልብስ ያጥቡበት ከነበረው ሐይቅ ሊያደርሱኝ እየመሩኝ ሲሄዱ መንገዱ አንድ የብረት በር ላይ አለቀ። የማረፊያውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንን ሁሉ ባልጻፍኩ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። «እማማ፣ መግቢያ ይከፈላል፤ ምግብ ከውጭ ይዞ መግባትም ክልክል ነው» አለ። እናቴ በጨርቅ ጠቅልለው የያዙትን ድፎ ዳቦ ተመለከቱ። ከዚያም ሐይቁን በበሩ ፍርግርግ ውስጥ አዩት።

«ልጄ፣ የሚከፈለው ለወንበሩ ነው ወይስ ለውኃው?» አሉት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ እኔም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ታዝዤ ነው» አለ።

ከፈልኩ። የሁለታችን መግቢያ ከሁለት ቀን ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ድፎው ከበሩ ላይ ቀረ፤ ጥበቃው ዝንብ እንዳያርፍበት በራሱ ካፖርት ሸፈነው። ውስጥ ገብተን በተቀባ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከእኛና ከውኃው መካከል የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ በታች ለጀልባ ብቻ የተሠራ ደረጃ አለ። እናቴ እግራቸውን ውኃ ለማስነካት ፈልገው ነበር። አልቻሉም። ሙዚቃው ከፍ ያለ ስለነበር የነገሩኝንም ግማሹን አልሰማሁትም።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ሪዞርት ይፍረስ አልልም። ለክርክሩ ስል ጓደኞቼ ያነሡትን ላንሣ። ባለሀብቱ ገንዘቡን አፍስሷል፣ የአካባቢውን ወጣት ቀጥሯል ይላሉ። እውነት ነው፤ ያ ጥበቃ ደመወዝ አለው። በር የሌለው ዳርቻ ቆሻሻ መጣያ ይሆናልም ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የፕላስቲክ ጠርሙስ እኔም አይቻለሁ፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸውና ዳርቻቸው ገደላማ ነው፣ ዋና የማያውቅ ልጅ እንዳይሰጥም ጠባቂ ያሻዋል። ታዲያ ጠባቂ ያስፈልጋል ማለት ሻጭ ያስፈልጋል ማለት ነውን? መንገድ ይጠረጋል ብሎ መንገዱን ለአንድ ሰው የሰጠ ከተማ አለን? ወንበሩን፣ ጥላውን፣ ዓሣ ጥብሱን፣ አልጋውን በፈለገው ዋጋ ይሽጥ፤ እነዚህን የሠራቸው እሱ ነው። ሐይቁን የሠራው እሱ አይደለም።

ሕጋችንም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውኃ ሀብት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ባለማረፊያው ያለው የመሬት ኪራይ እንጂ የውኃ ርስት አይደለም። ውኃው የጋራ ሆኖ ወደ ውኃው የሚያደርሰው መንገድ የግል ከሆነ ግን የጋራነቱ የወረቀት ብቻ ነው። እኔ በሙያዬ አውቀዋለሁ፤ ሊወጣ የማይችል ገንዘብ ያለበት የቁጠባ ደብተር ያው ደብተር ነው፣ ባለቤቱን ግን አያበላውም።

«በአውሮፓም ይከፈላል» ያለኝ ጓደኛዬ በከፊል ትክክል ነው። በጣሊያን የባሕሩ ዳርቻ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ሳለ ብዙው ለባለወንበሮች በኮንትራት ተሰጥቷል፤ ስለዚሁም ለዓመታት ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። ግን ይጨቃጨቃሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1986 ዳርቻዎቿን የሚመለከት ሕግ አውጥታ ሕዝቡ በነጻ ወደ ባሕሩ መድረስ እንዲችል ደንግጋለች። በ2023 ደግሞ በግሪክ የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ዳርቻቸው በሚከራዩ ወንበሮች ሲዋጥባቸው ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ ነገሩም ወደ ሌሎች ደሴቶች ተዛመተ። ባሕር የተረፋቸው ሰዎች ስለ አንድ ፎጣ ስፋት አሸዋ ሰልፍ ይወጣሉ። እኛ የባሕር በር አጣን ብለን ምጽዋንና አሰብን እያነሣን እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ በእጃችን ያለው ሐይቅ በር ሲገጠምለት ኪሳችንን እየዳበስን እንሰለፋለን።

እዚህ ላይ ስለ ገጣምያን፣ ስለ ራሴም ጭምር፣ መናዘዝ ይኖርብኛል። ስለ ሐይቅ ያልጻፈ ገጣሚ በመካከላችን የለም። ሐይቁ መስተዋት ይሆናል፣ እንባ ይሆናል፣ የፍቅረኛ ዓይን ይሆናል። በር ያለው ሐይቅ ግን በግጥማችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ማረፊያ ለፋሲካ በራሪ ወረቀቱ ስንኝ እንድጽፍለት ጠይቆኝ ለአንድ ሌሊት አልጋና ለአንድ ራት ብዬ ጽፌለታለሁ። መጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፤

ጸደይ ሙሽራዋ ሐይቁ ዳር ወርዳ፣
መልኳን ታያለች በውኃው ላይ ማልዳ።

ቀሪውን ለመጥቀስ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ሙሽራዋ ስንት ከፍላ እንደገባች ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። ከእናቴ ጋር ከተመለስኩ በኋላ ግን፣ ዕዳዬን ለመክፈል ያህል፣ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጽፌያለሁ፤

ወንበሩን ሽጡት፣ ጥላውን ሽጡት፣
ውኃውን ብቻ ለናቴ ተዉት።

ሌላ ዓይነት ጸደይ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። ሐዋሳ ሂዱ። በፍቅር ሐይቅ ዳር ጥንዶች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች ያለ ትኬት ሲንሸራሸሩ ታያላችሁ፤ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ፣ ሻጩ፣ አባ ኮዳውና ተመልካቹ በአንድነት ይጋፋሉ። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አያንቶዎች ናቸውና በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በቅርብ ዓመታት ግን በጸደይ መባቻ ገደማ ሲውል አይተናል። በሐዋሳ በጉዱማሌ አደባባይ ሽማግሌውም ልጁም ቄጣላውን እየጨፈረ ሲሞላ ማንም ከማንም መግቢያ አይቀበልም። የቢሾፍቱዋ ሆራ ራሷ ምስክር ናት፤ ከመስቀል በኋላ በሚውለው የኢሬቻ እሑድ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል። ያ ሕዝብ ለምስጋና ወደ ውኃ መቅረብን ሲያውቅ ማንም በራሪ ወረቀት አልበተነለትም። ጓደኛዬ ሥልጣኔ የሚለው በዲጄ የሚመራው የፋሲካ ድግስ ከዚህ በምን ይበልጣል? በመግቢያው ዋጋ ካልሆነ በቀር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የከተማ አስተዳደሮች ለማረፊያ መሬት ሲሰጡ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የእግር መንገድ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን በውሉ ያስገቡ፤ በታጠሩትም መካከል በየተወሰነው ርቀት ወደ ውኃው የሚያወርድ መተላለፊያ ይከፈት። ጥበቃ ይቀጠር፤ ልጆቹን ከመስጠም፣ ዳርቻውን ከቆሻሻ ይጠብቅ። ያ የሰፈሩ ልጅ ለዚህ ሥራ ከማንም ይበልጥ የተገባ ነው። የአንድን ባንክ ቅርንጫፍ የቅዳሜ ወረፋ ማስተናገድ ከዚህ ይከብዳል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ያን ዕለት ስንወጣ ጥበቃው ድፎውን መልሶ ሲሰጠን እናቴ ቆርሰው አጎረሱት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ከግንቡ ጀርባ አህዮቹ ውኃ የሚጠጡበት ወረዳ አለ፤ እስካሁን አልታጠረም» አላቸው። የዘንድሮው ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ በዚያ በኩል እንወርዳለን። እናቴ ከአሁኑ ለዱቄቱ ስንዴ እያስለቀሙ ነው፤ እኔም ነጠላ ጫማ ገዝቼላቸዋለሁ።