ስለ ዚንክና ስለ አሉሚኒየም ማፍሰሻ መኪና፤ ውስጡ ሳይመረመር ዕቃ አይመሰገንም

የኢትዮጵያ ሊቃውንት የቅኔን ምስጢር «ሰምና ወርቅ» ብለው ሲሰይሙ ምሳሌውን የወሰዱት ከአንጥረኛ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። አንጥረኛው ሊሠራው ያሰበውን ጌጥ ወይም መስቀል አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኰስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ወርቁ ከረጋ በኋላ ጭቃው ይሰበራል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ለአንድ ዕቃ አንድ ሰምና አንድ ጭቃ ይጠፋል፤ ሁለተኛ ዕቃ ያስፈለገ እንደ ሆነ ሥራው እንደ ገና ከሰሙ ይጀመራል።

ዛሬ የበር እጀታ፥ የቁልፍ ቤት፥ የልብስ ዚፕ መሳቢያና የአውቶሞቢል ሞተር ልባስ የሚወጣበት ጥበብ ግን ከዚህ ይለያል። በዚህኛው ጥበብ ቅርጹ አይሰበርም። መቅረጫው ከጠንካራ አረብ ብረት በሁለት ክፍል ተፈልፍሎ ይሠራል፤ መኪናው ሁለቱን ክፍሎች በብርቱ ኀይል ገጥሞ ይይዛቸዋል፤ የቀለጠው ዚንክ ወይም አሉሚኒየም በፒስተን እየተገፋ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ ባዶውን ስፍራ ይሞላል፤ እንደ ረጋም መቅረጫው ይከፈትና ዕቃው ተገፍቶ ይወጣል። ወዲያውም ሁለተኛው ይከተላል። ለዚንክ የተሠራ አንድ መቅረጫ እስከ አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ የሚደርስ ዕቃ ሊያወጣ ይችላል።

ይህ ብዛት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ብዛቱ ስሕተትንም ያበዛል። አንድ አንጥረኛ ቢሳሳት አንድ መስቀል ይበላሻል፤ ጉድለቱንም ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ አይቶ ያቀልጠዋል። በመኪና የሚፈሰው ዕቃ ግን በስሕተት የተሠራ እንደ ሆነ መቶ ሺሁም አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ይወጣል፤ ከላይ ሲያዩት ግን የሚያምርና የሚያንጸባርቅ ስለ ሆነ ገዢው ሳይጠራጠር ይቀበለዋል። ስለዚህ ይህን ኢንዱስትሪ ለማቋቋም የሚያስቡ ሹማምንት ሁሉ፥ የመኪናውን ዋጋ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ የማዕድኑን ንጽሕና ማን እንደሚመረምር መጠየቅ ይገባቸዋል።

የዚህ ጥበብ አባቱ የማተሚያ ፊደል ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ዮሐንስ ጉተንበርግ በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማ እርሳስን ከሌሎች ማዕድናት ጋር አቅልጦ በእጅ በሚያዝ መቅረጫ ፊደልን አንድ በአንድ ያፈስ ጀመር። (ከዚህ በታች የተጻፈውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፥ በሮም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፥ በዚያው ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1849 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ስተርጅስ የተባለ ሰው የማተሚያ ፊደል ለማፍሰስ በእጅ ለሚሠራ መኪና የባለቤትነት መብት ተቀበለ፤ የዘመናዊው ማፍሰሻ መኪና ታሪክም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቈጠራል። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ኦትማር መርገንታለር የሠራው ላይኖታይፕ የሚባለው መኪና በኒውዮርክ በአንድ ጋዜጣ ቤት ሥራ ጀመረ፤ ይህ መኪና ሙሉውን መሥመር ባንድ ጊዜ ያፈስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብልሆች ሰዎች፥ ፊደል በመኪና ከፈሰሰ ሌላው ዕቃ ስለ ምን አይፈስም ብለው አሰቡ። ይሁን እንጂ እርሳስ ለስላሳና ከባድ ስለ ሆነ ለማሽከርከሪያና ለእጀታ አይስማማም። ስለዚህ ወደ ዚንክ ዞሩ። ዚንክ በ419 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከመቶ እጅ 4 እጅ ያህል አሉሚኒየም ሲጨመርበት ደግሞ ከ390 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ ቀጭን ስፍራ ውስጥ ደኅና አድርጎ ይፈሳል፤ ከእርሳስም ይልቅ ብርቱ ነው።

ነገር ግን ታላቅ መከራ ተከተለ። በጊዜው ንጹሕና ጠንካራ መስሎ የተሸጠው የዚንክ ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማበጥ፥ መጣመምና መሰንጠቅ ጀመረ፤ በመጨረሻም በጣት ሲጫኑት የሚፈረፍር ሆነ። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ጥፋቱ ይፈጥናል። ጀርመኖች ይህን ነገር «የዚንክ ቸነፈር» ብለው ሰየሙት። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ ጥፋቱ በመኪናው አለመሆኑን አገኙ። ከዚንኩ ጋር በጥቂቱ የተቀላቀለ እርሳስ፥ ቆርቆሮ ወይም ካድሚየም በማዕድኑ ቅንጣቶች መካከል ተደብቆ ይቀመጥና ይበላዋል። ፊደልን ለዓለም ያበረከተው ያው እርሳስ ለዚንክ መርዝ ሆነ ማለት ነው።

የመርዙም መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ በወጣው ደንብ ከአንድ ሺህ ኪሎግራም የዚንክ ዕቃ ውስጥ የእርሳሱ ልክ ከ50 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ለቆርቆሮ የተፈቀደው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የኒው ጀርሲ ዚንክ ኩባንያ ከመቶ እጅ 99.99 እጅ ንጹሕ የሆነ ዚንክ መሠረት አድርጎ፥ አሉሚኒየምና ጥቂት ማግኒዚየም ጨምሮ፥ እንደ አስፈላጊነቱም መዳብ እያከለ፥ ዛማክ የሚባለውን ቅይጥ አወጣ፤ ስሙም ከአራቱ ማዕድናት የጀርመንኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተገጠመ ነው። ከዚህ ወዲህ ደንቡን የጠበቀ ሁሉ ከቸነፈሩ ዳነ። ደንቡን ቸል ያሉ ግን፥ የወዳደቀ እርሳስና የብየዳ ፍርፋሪ ከዚንኩ ጋር እየቀላቀሉ ያፈሰሱ፥ መድኀኒቱ ከታወቀ በኋላም ተጐዱ። በ1930ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት የልጆች መጫወቻ ባቡሮችና አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ሳይነኩ ተሰነጣጥቀው መገኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

መኪናዎቹ በሁለት ወገን የሚከፈሉ ናቸው። የመጀመሪያው ትኩስ ጓዳ የሚባለው ነው። በዚህ መኪና ፒስተኑና እንደ ዝይ አንገት የቈለመመው ቧንቧ በቀለጠው ማዕድን ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ፤ ፒስተኑ በወረደ ቍጥር ማዕድኑ ካለበት ጋን በቀጥታ ወደ መቅረጫው ይገባል። ሥራው ፈጣን ስለ ሆነ ለዚንክ የተመረጠ ነው። አሉሚኒየም ግን በዚህ መኪና አይሠራም፤ ንጹሑ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ ከቀለጠም በኋላ ብረትን ራሱን እየበላ ያሟሟዋል። የተነከረው ፒስተን በአጭር ጊዜ ይጠፋል፤ የተበላውም ብረት ከአሉሚኒየሙ ጋር ተቀላቅሎ ዕቃውን ያበላሻል። ስለዚህ ሁለተኛው፥ ቀዝቃዛ ጓዳ የሚባለው መኪና ተፈለገ፤ በዚህም ማዕድኑ በሌላ ምድጃ ይቀልጥና ለእያንዳንዱ ዕቃ በልክ እየተቀዳ ወደ ጓዳው ይፈሳል፤ ፒስተኑም ወዲያው ይገፋዋል። በ1920ዎቹ ዓመታት በፕራግ ከተማ ዮሴፍ ፖላክ የተባለው መሐንዲስ ይህን ዓይነት መኪና ለሥራ በማብቃት ስሙ የታወቀ ነው። ዛሬ መኪናዎቹ እጅግ ገዝፈዋል፤ በጣሊያን አገር በብሬሻ አጠገብ ያለው ኢድራ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ታላላቅ መኪናዎች መቅረጫውን በ6,000 ቶን ኀይል ገጥመው ይይዛሉ፤ የአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ቀድሞ ከብዙ ቍራጮች ይገጣጠም የነበረውን የአውቶሞቢል የኋላ ክፍል በነዚህ መኪናዎች እንደ አንድ አካል አድርጎ ያፈስ ጀመር።

በአሉሚኒየምም ዘንድ የተሰወረ ጉድለት አለ። ማዕድኑ እጅግ ፈጥኖ ስለሚገባ በመቅረጫው ውስጥ የነበረው አየር መውጫ ካላገኘ በዕቃው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የቀለጠው አሉሚኒየም ደግሞ ከእርጥበት ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ ይስባል፤ በሚረጋበትም ጊዜ ጋዙ ቀዳዳ ይተዋል። ከላይ የሚታየው ቆዳ ለስላሳና ድፍን ነው፤ ውስጡ ግን እንደ እንጀራ ዓይን የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ዘይት ለመያዝ ቢሆን ያፈሳል፤ ክብደት ለመሸከም ቢሆን በማይታሰብበት ቀን ይሰበራል።

አንዳንድ ሰዎች፥ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለባለጸጎች አገሮች ነው፤ ጀማሪ አገር ግን ያገኘውን ውዳቂ ማዕድን እያቀለጠ ሥራውን ቢጀምር ይበቃዋል ይላሉ። አሳባቸው እውነት የሌለበት አይደለም። አሮጌውን አሉሚኒየም እንደ ገና ማቅለጥ ከአፈር አዲስ አሉሚኒየም ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኀይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይጠይቃል፤ ይህም ታላቅ ቍጠባ ነው። ነገር ግን ቍጠባው የሚገኘው ውዳቂው በየዓይነቱ ከተለየ ነው። በአሉሚኒየም ውስጥ የሟሟ ብረት በማፍሰሻ ቤት በቀላሉ አይለይም፤ ያለው መንገድ በብዙ ንጹሕ ማዕድን ማቅጠን ብቻ ነው። ወደ ዚንክ የገባ እርሳስም እንዲሁ ነው። አንዲት ማንኪያ ሬት አንድ ጋን ጠጅ እንደምታበላሽ አንድ ዘንቢል ያልተለየ ውዳቂ የአንድ ሳምንት ሥራ ያጠፋል። እንዲያውም ባለጸጋው የተሰበረበትን ዕቃ መልሶ ይገዛል፤ ድኻው ግን መልሶ የሚገዛበት የለውም። ጥንቃቄው ከሁሉ ይልቅ ለድኻው የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለሹማምንት የሚቀርበው ምክር በአራት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፥ መኪናው ሲገዛ የማዕድኑን ቅይጥ በጥቂት ደቂቃ ለይቶ የሚያሳየው መመርመሪያ አብሮ ይገዛ፤ ሳይመረመር የሚፈስ ጋን አይኑር፤ የምርመራውም ቃል ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ዚንክና አሉሚኒየም በተለያየ ቤት፥ በተለያየ ምድጃና በተለያየ ጭልፋ ይቅለጡ፤ እርሳስና የብየዳ ፍርፋሪ ወደ ዚንክ ቤት ጨርሶ አይግባ። ሦስተኛ፥ መቅረጫ የሚፈለፍሉና የሚጠግኑ ወጣቶች ይሠልጥኑ፤ ለአሉሚኒየም የተሠራ መቅረጫ ትኩሱና ቀዝቃዛው እየተፈራረቀበት ብዙውን ጊዜ መቶ ሺህ ገደማ ዕቃ ካወጣ በኋላ ፊቱ ይሰነጣጠቃል፤ መቅረጫውን መጠገን የማይችል ፋብሪካ በየጊዜው ከውጭ አገር ሲለምን ይኖራል። አራተኛ፥ ዕቃ የሚረከብ ሹም በመልኩ ብቻ አይቀበል፤ ከብዙው ጥቂቱን አስቈርጦ ወይም በራጅ አስመርምሮ ውስጡን ይይ።

ከእነዚህ ጋር የሠራተኛው ሕይወት አይዘንጋ። እርጥብ ውዳቂ በቀለጠ ማዕድን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ማዕድኑን በሠራተኛው ላይ ይረጫል። ስለዚህ ውዳቂው ሳይደርቅ፥ ጭልፋውም ሳይሞቅ ወደ ጋኑ እንዳይገባ የሚያዝ ደንብ በየፋብሪካው በር ሊጻፍና ሊጠበቅ ይገባል።

ቅኔን የሚሰማ ሊቅ ሰሙን አድንቆ አይቀርም፤ ወርቁን ፈልቅቆ አይቶ ይፈርዳል። የመንግሥት ገንዘብ የተሰጠው ሹምም በሚያንጸባርቀው ዕቃ ላይ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። ዛሬ ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ በዛ ቢባል እንኳ፥ ከዓመታት በኋላ በሕዝብ እጅ ውስጥ ለሚፈረፍረው ዕቃ ከሚከፈለው ዋጋ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው።