አይጥ በበላ ዳዋ ለምን ይመታ?

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የገጠር ነው፤ እኔ ግን እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ሲፈጸም አያለሁ። እዚህ ዳዋው ተከራዩ ነው። አይጧም የምትመጣው ማንም ካላሰበው ቦታ፣ ከፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ምግብ ቤት ተቀምጦ ለሚነበብ ጋዜጣ ይህ የሚመጥን ወሬ አይመስል ይሆናል። ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ ልቀጥል፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ስለምናፍር ነው፤ እፍረታችን ደግሞ ብዙ ዋጋ እያስከፈለን ነው።

አንዲት የማውቃት እህት ከአንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንቱን ተከራይታ ከሁለት ልጆችዋ ጋር ትኖራለች። ባለቤቱ የእኛው ሰው ነው። «ጋሼ፣ አይጥ አስቸገረን» ብትለው፣ «ቤቴ አይጥ አያውቅም፤ በርበሬና ሽሮሽን እየከመርሽ የጠራሻት አንቺ ነሽ» አላት። አመነችው። እናትዋ ከአገር ቤት የላኩላትን በርበሬ ከነከረጢቱ ጣለች። ከሥራ ደክማ ገብታ ወለሉን በበረኪና ታጥባለች። የማኅበር ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ብላ እንግዶችዋን አስቀረች። መርዝ ተደረገ፣ ወጥመድ ተጠመደ፤ አንዷ ስትሞት ሌላዋ ትተካለች። ትንሹ ልጅ ብቻውን አልተኛም አለ።

ከስምንት ወር በኋላ ባለቤቱን ለምነን ካሜራ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ካሜራው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የሚሄድ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ቅርንጫፍ አሳየ። ግድግዳው ሲከፈት ክዳን የሌለው አራት ኢንች ቧንቧ ተገኘ። ቀድሞ እዚያ ሽንት ቤት ነበረ። ቤዝመንቱ ለኪራይ ሲታደስ መቀመጫው ተነሥቶ፣ ቧንቧው ሳይደፈን ግድግዳ ቆመበት። እነሆ የበርበሬው ጥፋት!

ነገሩን እናስረዳ። ከጓሮና ከመንገድ በታች የምትኖረው ትልቋ አይጠ መጎጥ ጎበዝ ዋናተኛ ናት፤ ትንፋሽዋን ይዛ የሽንት ቤቱን ውሃ አቋርጣ በመቀመጫው ልትወጣ ትችላለች። ግማሽ ኢንች ያህል ቀዳዳ ይበቃታል፤ ለትንሿ የቤት አይጥ ሩብ ኢንች በቂ ነው። በአሮጌ ሰፈሮች ከቤቱ ወደ መንገዱ የሚሄደው ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሸክላ ነው፤ መጋጠሚያው በዛፍ ሥር ይከፈታል፣ ይሰነጠቃል። ከወለል በታች ያለው የብረት ቧንቧም ይዝጋል። አይጧ በስንጥቁ ትወጣና አፈሩን እየማሰች ከቤቱ ሥር ትደርሳለች። ምግብ መኖሩ ያቆያት ይሆናል፤ በሩን የከፈተላት ግን የተሰበረው ቧንቧ ነው።

ታዲያ በሩ እንዴት ይገኛል? መጀመሪያ ዓይን ይሥራ። የወለል ማፍሰሻው ክዳን አለው ወይ? ቧንቧው ሲደፈን የሚከፈተው የማጽጃ አፍ በደንብ ታስሯል ወይ? በግድግዳ ጥግ ወይም በቧንቧ ዙሪያ ትኩስ አፈር፣ በጓሮም በቧንቧው መስመር ላይ ጉድጓድ ወይም የሰመጠ መሬት ይታያል ወይ? የፍሳሽ ሽታ አለ ወይ? ሽታው አንዳንዴ የሚመጣው ማፍሰሻው ሥር ያለው ውሃ ስለደረቀ ነው፤ ውሃ ስታፈሱበት ከጠፋ ያ ነው፤ ካልጠፋ ስንጥቅ ፈልጉ። ማታ በተጠረጠረው ቦታ የሕፃን ፓውደር በስሱ ብትነሰንሱ፣ ጠዋት ዱካዋ ከየት እንደመጣች ይነግራችኋል።

ከዚያ ባለሙያ ይጠራ። ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ካሜራ ነው፤ ቧንቧውን ከውስጥ ያሳያል። ሁለተኛው ጢስ ነው፤ ጉዳት የማያስከትል ጢስ በፍሳሹ መስመር ይነፋል። ጢሱ በጣሪያው የአየር ቧንቧ ቢወጣ ደንብ ነው፤ ከግድግዳ፣ ከወለል ወይም ከጓሮ አፈር ከወጣ ግን ጢስ ባለፈበት አይጥም ማለፍ ትችል ይሆናል። ከዚህ በፊት በየማፍሰሻው ውሃ መጨመር አይረሳ፤ አለዚያ ጢሱ በደረቀው ማፍሰሻ ወጥቶ ያሳስታል። ቀዳዳው ሲገኝ በፎም ብቻ አይደፈንም፤ አይጧ በልታው ታልፋለች። የተተወው ቧንቧ በሚገባ ይከደን፣ የተሰበረው ይለወጥ። ቀዳዳው ሳይዘጋ መርዝ ማብዛት ግድግዳ ውስጥ ሬሳ ማሽተት ነው።

አሁን ቤት ላላችሁ ወገኖቼ ልናገር። ብዙዎቻችን በታክሲና በፓርኪንግ ላባችንን አፍስሰን ቤት ገዝተናል። የባንክ ዕዳው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም ቤዝመንቱን አድሳችሁ ስታከራዩ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት የተተወውን ቧንቧ መክደን ትንሽ ሥራ ነው፤ ከቆመ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። ጥፋቱን በተከራይዋ ማእድ ቤት ማላከክማ ነውር ነው። እኛም ትናንት የሰው ቤዝመንት ውስጥ ነበርን።

ለተከራዮችም አንድ ቃል። «ወገኔን እንዴት እከስሳለሁ?» የሚል ብዙ ነው። ክሱ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ቀን ጽፋችሁ፣ ፎቶግራፍ አያይዛችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ። እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኩ። ያም ካልሆነ ከተማው አለ። በዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ኤድዋርድስ በተባሉ ተከራይ ጉዳይ፣ ስለ ቤቱ ጉድለት ለመንግሥት ያመለከተን ሰው ለበቀል ማስወጣት እንደማይቻል ፈርዷል። በ1970 ደግሞ በኮሎምቢያ ሃይትስ በነበረው የክሊፍተን ቴራስ አፓርታማ ተከራዮች ጉዳይ፣ ኪራይ የሚቀበል ሁሉ ለኑሮ የሚበቃ ቤት የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። የ2004ቱ የቋንቋ ሕግም የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ ያስገድዳል፤ «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ። ቤዝመንቱ ፈቃድ የሌለው ከሆነና ያስወጡኛል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የከተማውን የተከራዮች ጠበቃ ቢሮ አማክሩ።

ያቺ እህት ዛሬ አይጥ የለባትም። ባለቤቱም ይቅርታ ጠይቋት አብረው ቡና ጠጥተዋል። የተጣለው በርበሬ ግን አልተመለሰም፤ እናትዋ ሌላ ሳይልኩ ዐረፉ። ስለዚህ እላለሁ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አይጥ ቤታችሁ ብትገባ ማእድ ቤታችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት ቧንቧውን መርምሩ።

ቸር ይግጠመን።