ስም የሌላት እመቤት

ጆን ሲንገር ሳርጀንት «ማዳም ኤክስ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን የዘይት ቅብ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ውስጥ ለእይታ ሲያቀርብ፣ ከተማዋን ያስቆጣው ከትከሻ ላይ የተንሸራተተ አንድ የቀሚስ ማንገቻ ነበር። ሠዓሊው ማንገቻውን በኋላ አቃንቶ ሣለው። በ1916 ሥዕሉን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሲሸጥ ግን የባለመልኳ ስም እንዳይጠቀስ ጠየቀ። ቪርጂኒ ጎትሮ ሥዕሉን አላዘዘችም፤ እንድትሣል የጠየቃት ሳርጀንት ራሱ ነበር። መልኳ ለዘመናት ቀረ፤ ስሟ ከርዕሱ ወጣ።

በቶሮንቶው የኦንታሪዮ አርት ጋለሪም ከዚያው ዘመን የተረፈች ሌላ ፓሪሳዊት አለች፤ ጄምስ ቲሶ የሣላት፣ በሩን ለደንበኛ ከፍታ የቆመች የሱቅ ሠራተኛ። እርሷም ስም የላትም። ጋለሪው በ2020 የገዛው ሥዕል ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥያቄ ያስነሣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጄረማያስ ሹልትዝ የተሣለችው፣ የብርቱካን አበባ የያዘችው ባለጌጥ ጥቁር እመቤት ማን እንደ ሆነች አይታወቅም። የሠዓሊው ስም ግን ይታወቃል።

ይህን ግዢ ያዩ በርካታ የዲያስፖራ ልሂቃን «የእኛም ሴቶች በዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ» ቢሉ አያስደንቅም። ጥያቄው ቅን ነው፤ መለኪያው ግን የተዋሰ ነው። ኢትዮጵያዊት እመቤት ለመታየት የአውሮፓ ሸራና የወርቅ ክፈፍ ያስፈልጋታል ብሎ ይጀምራልና። ስሟ ያልታወቀችው እመቤት በተሣለችበት በዚያው ምዕተ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርታለች፤ በግድግዳውም ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ወጪው የእርሷ፣ ደብሩም የእርሷ ነበር። መደፋቷ ትሕትና ነው፤ ከዚያ ቦታ ላይ ራሷን ማስቀመጧ ግን ሥልጣን ነው። ይህን ሁለት ገጽታ ማዳም ኤክስ ውስጥ የሚፈልግ አያገኘውም። ሳርጀንት ጎትሮን መሣል በጀመረበት በ1883 ምኒልክን ያገባችው ጣይቱም ብትሆን፣ ሕዝብ በአድዋ ሥዕሎች የሚያውቃት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ሳይሆን በጦርነቱ መሃል ነው።

እንግዲህ የጎደለው ምስል አይደለም። የጎደለው አንባቢ ነው።

የኢትዮጵያ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ያሠራቸውን ሰው ስም በግእዝ ጽሑፍ ይዘዋል። ስሙ ግን የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል። «ወለተ ጊዮርጊስ» የሚለውን ፊደል ቆጥሮ ያነበበ ሰው ምንትዋብን እንዳገኘ ላያውቅ ይችላል፤ «ወለተ ሚካኤል»ም ጣይቱ መሆኗን እንዲሁ። ቋንቋውንም ታሪኩንም የማያውቅ የሙዚየም ሠራተኛ ፊት ስሟን ራሷ ያጻፈች ሴት «ያልታወቀች ለጋሽ» ሆና ትመዘገባለች። የሹልትዝን እመቤት ስም ጊዜ ወስዶታል፤ የእነዚህን ግን ስንፍና ነው የሚወስደው።

ምስል ልጆችን ያኮራል የሚለው መከራከሪያ ከባድ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ሆኖም ቶሮንቶ የተሻለውን መንገድ አንድ ጊዜ አሳይታለች። በ2016 በዚያው ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ድምፃዊ ዘ ዊክንድ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት 50,000 ዶላር ሰጠ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ የግእዝ ትምህርት ተጀመረ። ለአንድ ታላቅ የዘይት ቅብ ሥዕል ገበያ ይህ ገንዘብ የሽርፍራፊ ያህል ነው። ለአንድ ንባብ የሚችል ወጣት ግን የዓመታት ሥራ ነው።

የማኅበረሰቡ ማኅበራት ከሙዚየሞች ጋር ለመነጋገር ሲቀመጡ ስለ ግድግዳ ስፋት ከመከራከራቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ በመጋዘኖቻችሁ ያሉት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ጽሑፍ በማን ተነበበ? መልሱ «በማንም» ከሆነ፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል? ሁለተኛው ጥያቄ ለሙዚየሙ ብቻ የሚቀርብ አይደለም።