የትምህርት ቤት ወንበር ሰደቃ አይደለም



ረመዷን ቤታችን በእንግዳ የሚሞላበት ወር ነው። ለኢፍጣር ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ ግን በአንዳንድ ቤት ጓዳ የሚቆይ ልጅ አለ፤ መናገር የማይችል፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት። ወላጆቹ ስለማይወዱት አይደለም፣ የሰው ዓይንና የሰው አፍ ፈርተው ነው። እናት «የአላህ ፈተና ነው፣ ሰብር አደርጋለሁ» ትላለች። ልክ ናት። ነገር ግን ሰብር ዝም ማለት አይደለም።

በየመስጂዱ ደጃፍ የሚደመጥ አንድ አነጋገር አለ፤ «እሱ ብዕር የተነሳለት ነው፣ ሶላትም ጾምም የለበትም፣ ትምህርት ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ዐቅሉ ያልተሟላ ሰው በሸሪዓ እንደማይጠየቅ እውነት ነው። የተነሳው ግን በእሱ ላይ የነበረው ግዴታ ነው፤ እሱ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ አልተነሳም። መስማት የተሳነው ወይም ዓይነ ስውር የሆነው ልጅ ደግሞ ዐቅሉ ሙሉ ነው። ለዐቅመ አዳም ሲደርስ እንደማንኛችንም ይጠየቃል። ሳናስተምረው ምን ብሎ ይመልስ?

ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ነበሩ። ሊማሩ ሲመጡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ሹማምንት ጋር ተጠምደው ስለነበር ሳያስተናግዷቸው ቀሩ፤ ሱረቱ ዐበሰ የወረደውም በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ በመዲና ሙአዚን ሆኑ። ቢላል (ረ.ዐ) በሌሊት አዛን ሲያደርጉ ሰው ሱሑሩን ይበላ ነበር፤ ከመብላት የሚያቆመው የኢብን ኡሙ መክቱምን አዛን ሲሰማ ነው። እሳቸው ጎሑን አያዩም፤ ሰዎች «ነጋ» ሲሏቸው ይጣራሉ። የዛሬ ባለሙያዎች «ድጋፍ» የሚሉት ይህንኑ ነው። አንዲት ቃል በሚነግራቸው ሰው እገዛ አንድ ዓይነ ስውር የከተማውን ጾም ያስጀምሩ ነበር።

ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች እንዲመድብ ያዛል፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ግን ብዙ ኃላፊዎች ይወዷታል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል፤ አንቀጽ 24 ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል፣ የሚያስፈልገውም ድጋፍ እዚያው እንዲሰጠው ይደነግጋል።

ወላጅ በር ላይ የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። «ባለሙያ የለንም፣ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዱት» ይባላል። ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው። ርእሰ መምህሩ ላይ ብቻ መፍረድም አይገባም፤ 60 እና 70 ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ያለ ረዳት የሚያስተምር መምህር ቢጨነቅ አይገርምም። ሆኖም «የለንም» የሚለው መልስ በቃል እስከቀረ ድረስ እጥረቱን የትም ቢሮ አይመዘግበውም። በወረዳው ስንት ልጅ ቤት እንደቀረ ያልታወቀበት ወረዳ ባለሙያ ሊጠይቅ አይችልም።

ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ታላቅ ሥራ ነው። ግን እያንዳንዷ እናት ማዕከል እንድትከፍት አይጠበቅባትም፤ ሕጉ የተጻፈው ለሌሎቹ እናቶች ነው።

ስለዚህ ማመልከቻው በጽሑፍ ይግባ፤ የልጁን ዕድሜ፣ ጉዳቱንና የሚያስፈልገውን ይግለጽ፤ የሐኪም ማስረጃ ካለ ይያያዝ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ በቅጂው ላይ ማኅተም ያሳርፍ። ትምህርት ቤቱ ካልመለሰ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በላይ ወዳለው ቢሮ ይኬዳል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ሦስት አራት ወላጆች ተሰባስበው ቢሄዱ ደግሞ አንድ እናት ብቻዋን ከምትመላለስ የተሻለ ይደመጣሉ፤ ለመሰባሰብ ከተራዊህ በኋላ ካለው ጊዜ የተሻለ የለም።

እኛም የመስጂድ ሰዎች አንቀርም። ተሽከርካሪ ወንበር የማያስገባ በር፣ ደረጃ ያለው ውዱእ ማድረጊያ፣ መስማት የተሳነውን ልጅ «አይገባውም» ብሎ የሚመልስ መድረሳ እያለን መንግሥትን ብቻ መውቀስ ያሳፍራል። የጀማዓው ኮሚቴ ከዘንድሮ መዋጮ መወጣጫ ቢሠራ ምንጣፍ ከመቀየር ይቀድማል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ወረዳዎች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። በመስከረም ምዝገባ ቀን ልጁን ይዞ የሚሄድ ወላጅ «በጀት አልተያዘም» ይባላል፤ መልሱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ማመልከቻው ዒድ እንዳለፈ ባለው ሳምንት ይግባ።